የሌለች ከተማ ታክሲ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ባለካሬ ደብተሩን ይዞ ቤት መጣ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጠኝ «ጋሼ፣ ሦስተኛው መስመር በድልድዩ ይለፍ ወይስ ዞሮ ይሂድ?» አለኝ። ደብተሩን ሳየው ከተማ ነው። ወንዝ አለ፣ ገበያ አለ፣ መስጊድና ቤተክርስቲያን ጎን ለጎን አሉ፣ በቀይና በሰማያዊና በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተሰመረ የባቡር መስመርም አለ። የት ነው ይሄ ስለው «ሸጋበር» አለኝ። ሸጋበር የሚባል ከተማ የለም። ከራሱ ነው ያወጣው፤ ስሙን ከእኛው ከደሴ ሸዋ በር እንደዘረፈው ግን ያስታውቃል።

እናቱ «ይህን ጊዜ ሒሳብ ቢሠራበት ምናለ» ትላለች። እኔም መጀመሪያ እንደሷ ነበር ያሰብኩት። በኋላ ቁጭ ብዬ ደብተሩን ሳገላብጠው ልጁ ለካ ሒሳብ እየሠራ ነው። ምን ዓይነት ሒሳብ እንደሆነ ላስረዳችሁ። ቡና ላይ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ፣ እስከ በረካ ያደርሰናል።

የሌለ ከተማ ካርታ መሳል የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸውን የሰጡበት ትልልቅ ሰዎች አሉ። ጄሪ ግሬትዚንገር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1963 አንዲት ትንሽ ከተማ ከምናቡ አውጥቶ ወረቀት ላይ ጀመረ። ወረቀቱ ሲሞላ ጎኑ ሌላ ወረቀት ቀጠለ። እንዲህ ሲል ሲል 20 ዓመት ሄደና በ1983 ተወው። ሌላ 20 ዓመት ተቀምጦ ኖረ። በ2003 አንስቶ እንደገና ቀጠለበት፣ ከ3,000 ወረቀት በላይም ደረሰ። የሚገርመኝ ግን አሠራሩ ነው። ዛሬ ምን ልሳል ብሎ አይጨነቅም። የመጫወቻ ካርታ ይመዛል፣ የወጣለት ካርታ ያዘዘውን ያደርጋል። ካርታውን የሚያዘው ካርታ ነው (ይሄ ቀልድ በሰውየው ቋንቋ አይሠራም፣ በእኛ ነው የሚያምረው)። አንዳንዴ የሚመጣለት ካርታ ከተማው መሃል ነጭ ባዶ ቦታ ክፈት ይለዋል። እዚያ የነበረው ሰፈር፣ መንገዱም ቤቱም፣ በአንድ ቀን ይጠፋል። ሰውየው አይከራከርም። ከተማዋ በከንቲባ ሳይሆን በዕጣ ነው የምትተዳደር ማለት ነው።

ፈረንሳዊው ዢል ትሬኤን ደግሞ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ አንዲት ከተማ ነው ሲስል የኖረው። ኡርቪል ትባላለች። ወደ 12 ሚሊዮን ሕዝብ ሰጥቷታል፣ ታሪክ ጽፎላታል፣ ሰዉ በምን እንደሚተዳደር ሳይቀር አስቦላታል። የእኛው ልጅ የጀመረበት ዕድሜ ብዙም አይርቅም። ይህን ለእህቴ ስነግራት «እሱ ፈረንጅ ነው» ብላ ዘጋችኝ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። የከተማ ካርታና የትራንስፖርት ካርታ አንድ አይደሉም። የከተማ ካርታ «ቦታው የት ነው?» ለሚል ሰው ይመልሳል። የትራንስፖርት ካርታ «እንዴት ልድረስ?» ለሚለው። የመጀመሪያው ርቀትና አቅጣጫ ላይ መዋሸት አይችልም። ሁለተኛው ካልዋሸ አይነበብም።

ይህን ለይቶ ያሳየው የለንደኑ ሃሪ ቤክ ነው። ሥራው የኤሌክትሪክ ንድፍ መሳል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር ልክ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አድርጎ ሣለው። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ የተጋደመ ወይም በ45 ዲግሪ ያዘነበለ መስመር ብቻ። የተጨናነቀውን መሃል ከተማ አሰፋው፣ ራቅ ራቅ ያለውን ዳር ደግሞ ሰበሰበው። መጀመሪያ ሲያቀርበው አልተቀበሉትም። በ1933 ታትሞ ሲወጣ ግን ሕዝቡ ወደደው። መሬት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከላይ ያለው መንገድ ቢጠማዘዝ ባይጠማዘዝ ምን አገባው? የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። የትኛውን ልያዝ፣ የት ልቀይር፣ ስንተኛው ላይ ልውረድ። እኛም እኮ እናውቀዋለን። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሐረጎ ላይ መንገዱ ስንት ጊዜ እንደሚጠመዘዝ የቆጠረ ተሳፋሪ አላጋጠመኝም፣ ሆዱ የተገላበጠበት ካልሆነ በቀር።

ውሸቱ ዋጋ አያስከፍልም ግን አልልም። ለንደን ውስጥ ሌስተር ስኩዌር እና ኮቨንት ጋርደን የሚባሉ ሁለት ጣቢያዎች አሉ። መሃላቸው ያለው ርቀት 260 ሜትር ገደማ ነው። ካርታው ላይ ግን እንደማንኛውም ጣቢያ ተራርቀው ስለሚታዩ፣ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ከፒያሳ ፒያሳ ታክሲ እንደሚይዝ ሰው ከፍሎ ይሳፈራል። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ማሲሞ ቪኜሊ የተባለ ዲዛይነር በ1972 ተመሳሳይ ካርታ ሠራ። ሲታይ ያምራል። ረዥሙን ትልቅ መናፈሻ ካሬ አደረገው፣ ውሃውን ደግሞ ሰማያዊ መቀባት ትቶ ቡኒ ቢጤ ቀባው። ሰዉ ተቆጣ፤ «እኔ ይሄን መናፈሻ በእግሬ ነው የማውቀው፣ የታለ ርዝመቱ?» አለ። በ1979 ካርታው ተቀየረ። ልዩነቱ ይገባኛል። ኒውዮርክ ሰው ከባቡር ወጥቶ በእግሩ ይሄዳል፣ የመንገዱም ሥርዓት ቀጥ ያለ ስለሆነ ርቀቱን በልቡ ያውቀዋል። የሚያውቁትን ነገር አጣሞ የሚያሳይ ካርታ ማንንም ያናድዳል።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። የቤክ ካርታ ላይ ከመሬት በላይ ካለው ነገር ሁሉ የቀረው አንድ ብቻ ነው፣ ቴምዝ ወንዝ። በ2009 ካርታው ይቅለል ብለው ወንዙን አወጡት። ሕዝቡ ጮኸ፣ ወዲያው መለሱት። ባቡር ውስጥ ወንዝ ምን ያደርጋል? ምንም። ግን ወንዙ ከየት በኩል እንደሆንክ ይነግርሃል። ደሴን ያለ ጦሳ ተራራ ሣልልኝ ብትሉኝ እኔም አልችልም።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ደሴ ላይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የታክሲ መስመር ካርታ ዓይቼ አላውቅም። ሆኖም መንገድ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ካርታው ያለው ረዳቱ አፍ ውስጥ ነው። «ሸዋ በር በፒያሳ! ሸዋ በር በፒያሳ!» ይላል። ይህቺን አረፍተ ነገር ልብ በሏት። መድረሻ አለ፣ መሃል የሚነካው ቦታ አለ፣ ሁለቱን የምታያይዘው ደግሞ አንዲት «በ» ናት። ቤክ ብዙ ለፍቶ ያወጣትን ነገር ረዳቱ በአንድ ፊደል ጨርሷታል። የት እንደሚታጠፍ አልነገረህም፣ ስንት ኪሎሜትር እንደሆነም አልነገረህም። አያስፈልግህማ።

ልዩነቱ ጣቢያ ላይ ነው። የባቡር ካርታ ላይ ያለው ነጥብ ማለት «እዚህ ይቆማል፣ ሌላ ቦታ አይቆምም» ማለት ነው። የእኛ ታክሲ ግን «ወራጅ አለ» ያለ ሰው ካለ እዚያው ጣቢያ ይሆናል። ስለዚህ የደሴን ታክሲ በለንደኑ ዘዴ ሣለው ብትሉኝ ነጥቡን የት ላድርገው? ልጁ ይህን ሲያስብ ቆየና ታክሲዎቹን በነጥብ ሳይሆን በወፍራም ቀለም ሣላቸው፣ ባቡሮቹን በነጥብ። ማንም አላስተማረውም። እኔ በበኩሌ ደብተሩን ማክበር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

የሌለ ከተማ መሳል ከባድ የሚሆነው ለምን መሰላችሁ? ማንም ሊያርምህ አይችልም፣ ግን ስህተቱ ያስታውቃል። የልጁ የመጀመሪያዋ ሸጋበር ወንዟ በማስመሪያ የተሰመረ ነበር። ወንዝ በማስመሪያ አይወርድም። ከተማዋም እንደ እንጀራ ክብ ነበረች። ክብ ከተማ የሚመጣው ዙሪያው ሜዳ ሲሆን ነው። እስቲ ደሴን እዩ። አንድ በኩል ጦሳ አለ፣ ሌላ በኩል አዝዋ ገደል አለ፣ ከተማዋ ማምለጫ ስታጣ ወደ ርዝመቷ ሄደች። ለዚህ ነው ሁሉም ታክሲ ሄዶ ሄዶ አንድ መንገድ ላይ የሚገናኘው። አንድ መኪና ሲበላሽ ከተማው ሁሉ የሚቆመውም ለዚሁ ነው። የመሬቱን ተዳፋት ሳታውቅ መስመር መዘርጋት ማለት ጣራ ሳይለኩ ቆርቆሮ መግዛት ነው።

ልጁ ከቆላው ከተማ እስከ ሸጋበር ባቡር አውጥቶ ነበር። ቀጥ ያለ ሰማያዊ መስመር። ተቀምጠን አሰላነው። ምሳሌውን ከቤታችን ወሰድን። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ መንገዱ 25 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ባቡር ጎማውም ሀዲዱም ብረት ነው፣ ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ 1 ኪሎሜትር ሄዶ 20 ሜትር ወጣ እንበል፤ ለጫነ ባቡር ይሄም ብዙ ነው። 600ን ለ20 ስታካፍል 30 ይመጣል። 30 ኪሎሜትር ያለ አንዲት እረፍት ሽቅብ ማለት ነው፣ ጣቢያ የሚሆን ለጥ ያለ ቦታ እንኳ ሳይኖር። ከመኪናው መንገድ ረዝሞ፣ ተራራውን እየዞረ፣ ዋሻ እየበሳ። ከአዋሽ ተነስቶ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው 390 ኪሎሜትር ገደማ የባቡር መስመር በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴን ያልነካው በንቀት አይደለም ማለት ነው። ሽማግሌዎቻችን ሲያማርሩ እሰማለሁ፣ ዳገቱን ጠይቁት እላለሁ በልቤ። ለትልቅ ሰው በአፍ እንዲህ አይባልም።

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?» አለኝ። ገመድ አልኩት። የቦሊቪያዋ ላፓዝ ሸለቆ ውስጥ ናት፣ ከላይዋ ኤል አልቶ የሚባል ከተማ አለ። መኪና ሲዞር የሚውለውን መንገድ ከ2014 ጀምሮ በገመድ ላይ የተንጠለጠለ ክፍል ይሻገረዋል። ለቱሪስት አይደለም፤ ሰዉ ሥራ የሚሄድበት ነው፣ መስመሮቹም እንደ ባቡር ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እየተባሉ ይጠራሉ። ሩቅ አትሂድ፣ ጣሊያን በ1930ዎቹ ከምጽዋ አስመራ የዘረጋው የገመድ መስመር ከ70 ኪሎሜትር ያለፈ ነበር፤ እሱ ግን ዕቃ ነበር የሚጭነው። ልጁ ዓይኑ በራ። በማግስቱ ሸጋበር ላይ ከገደሉ አፋፍ ተነስቶ ገበያው ጫፍ ላይ የሚያርፍ ቢጫ መስመር ተጨመረ።

ገበያ ካልን አይቀር፣ ስም ላይ ትንሽ እንቆይ። የሌለ ከተማን የሚያምን ሰው የሚገኘው ስሙ ሲያሳምን ነው። ልጁ መጀመሪያ ጣቢያዎቹን «ጣቢያ 1፣ ጣቢያ 2» ብሏቸው ነበር። ወሎ ውስጥ ስም እንዲህ አይወጣም። ሸዋ በር ስትል በሩ ወዴት እንደሚያወጣ ተናግረሃል። ቧንቧ ውሃ ስትል ምን እንደነበረ ተናግረሃል። ሰኞ ገበያ ስትል ደግሞ መቼ መሄድ እንዳለብህ ሳይቀር ተናግረሃል። ይሄ የጊዜ ሰሌዳ እኮ ነው! ቦታውና ቀኑ አንድ ስም ውስጥ ገብተዋል። ባቲ ሰኞ ሰኞ ምን እንደምትመስል ያየ ሰው፣ በዚያ ቀን ብቻ የሚሠራ የትራንስፖርት መስመር ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። የልጁ ካርታ ላይ አሁን ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚሄድ በጭረት የተሰመረ መስመር አለ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ኒውዮርክ ላይ አታገኙትም።

ስም ቦታ ሲፈጥርም ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ ሁለት ካርታ ሠሪዎች ካርታቸውን የሚሰርቅ ሰው ለመያዝ አንድ የሌለ መንደር አስገቡበት። ስሙን ከራሳቸው ስም ፊደላት ቀጣጥለው አግሎ አሉት። በኋላ የሌላ ድርጅት ካርታ ላይ አግሎ ብቅ አለች። ያዝናችሁ ሲሏቸው «ኧረ እዚያ ቦታ አግሎ የሚባል ሱቅ አለ» አሉ። እውነትም አለ። ባለሱቁ ስሙን ከካርታው ላይ ዓይቶ ነው ያወጣው። ሌባ ለመያዝ የተጠመደ ወጥመድ ሱቅ ሆኖ ስኳር ሸጠ።

ወደ ድልድዩ ጥያቄ ልመለስ፣ የመጣበት እሱ ነበርና። ሸጋበር ላይ ወንዙን የሚሻገር አንድ የባቡር ድልድይ ነው ያለው። ሁለት መስመር ቀድሞ ያልፍበታል፣ ሦስተኛውን ሊጨምር ነው። ካርታ ላይ ሦስት ቀለም ጎን ለጎን ሲሄድ ያምራል። ግን ድልድዩ ላይ አንድ ባቡር አልፎ ሌላው እስኪከተል 3 ደቂቃ ይፈልጋል እንበል። ሁለት መስመር ሲጋሩት ለእያንዳንዱ በ6 ደቂቃ አንድ ይደርሰዋል። ሦስት ሲሆኑ በ9 ደቂቃ። መስመር ጨመርኩ ብለህ ለሁሉም ሰው መጠበቅን ጨመርክ ማለት ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ሁለት መስመር ሆኖ መሃል ላይ የተወሰነውን መንገድ አብሮ እንዲሄድ ነው የተሠራው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አንዱ ሲዘገይ ሌላውን ይዞት ይዘገያል። ለልጁ ዞሮ ይሂድ አልኩት።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የእኔ ነበር። ስንት ባቡር አለህ? አልቆጠረም። አንድ መስመር ጫፍ ለጫፍ 35 ደቂቃ ይፈጃል፣ በየጫፉ 5 ደቂቃ ያርፋል። ሄዶ ሲመለስ 80 ደቂቃ ነው። ሰው በየ10 ደቂቃው እንዲያገኝ ከፈለግክ 80ን ለ10፣ 8 ባቡር ያስፈልግሃል። ሰባት መስመር ስላለህ 56። ሸጋበር ስንት ሰው አላት? «አርባ ሺህ።» ለ40,000 ሰው 56 ባቡር! ለክርስትና ስልሳ በሬ እንደማረድ ነው። ሦስት መስመር በአንድ ቀን ፋቀ። ትንሽ ከፋው።

ያኔ ነው ስለ ታክሲ የጠየቀኝ። «የእኛዎቹ ለምን ሰዓት የላቸውም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ጠዋት በደቂቃ ሁለት ሰው ቢመጣለት በ6 ደቂቃ ይሞላል። እኩለ ቀን ላይ በሁለት ደቂቃ አንድ ሰው ከመጣ መሙያው 24 ደቂቃ ነው። ቀድሞ የገባው ሰው 22 ደቂቃ መስኮት ዳር ተቀምጦ ረዳቱን ያያል። የመጨረሻው ሰው ገብቶ ሳይቀመጥ ይነሳል። ባዶ የመሄድ ኪሳራ በሰዓት በሚነሳ መኪና የባለንብረቱ ነው፣ ሲሞላ በሚነሳ መኪና ግን የተሳፋሪው ነው፤ በብር ሳይሆን በሰዓት ይከፍለዋል። የባሰበት ደግሞ መንገድ መሃል የሚጠብቀው ነው። ሞልቶ የተነሳ ታክሲ እሱን ለምን ብሎ ያቆምለታል? እጁን ዘርግቶ ይቀራል። አንድ ዝናባማ ምሽት ሆጤ ላይ አምስት የሞሉ ታክሲዎች አልፈውኛል። አምስተኛው ውስጥ አንዲት እናት በመስኮት ዓይተውኝ «አይዞህ የኔ ልጅ» ብለውኛል፣ ይኸው ነው ያተረፍኩት።

ትናንት ደብተሩን እንደገና አየሁት። ወንዙ ተጠማዝዟል። ከተማዋ ረዝማለች። ሦስተኛው መስመር ዞሮ በሰኞ ገበያ ይሄዳል። ባቡሮቹ አጠገብ በጥንቃቄ ሰዓት ተጽፏል፣ 12:10፣ 12:20፣ 12:30። ከታች ጥግ ላይ ደግሞ በወፍራሙ ቀለም የተሣሉት ታክሲዎች አሉ። መነሻ ሰዓት በሚለው ሳጥን ውስጥ በሚያምር ቁም ጽሕፈት «ሲሞላ» ብሎበታል።